የሁለተኛዋ መዛኝ ደብተር

ማኅበራችን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እኔ ጸሐፊ ከሆንኩ ሃያ አራት። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወይ ወንበሩን ይወዳል፣ ወይ ሌላ የሚቀመጥበት የለውም። እኔ ዘንድ ሁለቱም አለ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር ነን። በደህናው ዘመን መቶ ሠላሳ ነበርን፤ ዛሬ ለስብሰባ ሃያ ሦስት ሰው ከመጣ “ዛሬስ ሞልቷል” እንባባላለን። ድሮ ሰው ምን ልብላ፣ ምን ልተው ሲል ወደ እኛ ይመጣ ነበር። አሁን ስልኩን ከፍቶ፣ ደረቱን አራቁቶ የሎሚ ውሃ የሚጨልጥ ጎረምሳ ይጠይቃል። ጎረምሳው ቢያንስ ጡንቻ አለው። እኛ ያለን ሠንጠረዥ ነው።

ሠንጠረዡን ግን እንዳትንቁብኝ። ከመቶ ግራም ካሮት ውስጥ ውሃው ስንት፣ ብረቱ ስንት፣ ጨው ስንት፤ ከመቶ ግራም ባቄላ፣ ከመቶ ግራም ጎመን እያለ አራት መቶ ስድስት ምግብ ይዘልቃል። ሆስፒታል ለስኳር ሕመምተኛ የሚቀርበው ሳህን፣ ትምህርት ቤት ለልጆች የሚታደለው ምሳ በእሱ ይሰላል። ከሌላ መጽሐፍ አልገለበጥነውም። ቀቅለን፣ መዝነን፣ ወደ ላቦራቶሪ ልከን፣ ቁጥር በቁጥር የሠራነው ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እያንዳንዱን ምግብ ሁለት ሰው ይመዝነዋል፤ በሁለት ክፍል፣ በሁለት ሚዛን፣ በሁለት ደብተር። አንደኛዋ መዛኝ ስትጨርስ ምግቡን በትሪ ለሁለተኛዋ ታቀብላለች፤ ቁጥሯን ግን አትናገርም። ሁለተኛዋም አትጠይቅም። ደብተሮቹ የሚገናኙት ሁለቱም ከተፈረመባቸው በኋላ ነው። ልዩነቱ ከሰፋ ሁለቱም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ “ልኩ የኔ ነው” ብሎ ነገር የለም። መሥራቾቻችን ይህን ሲደነግጉ “ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ሁለት ሰው ግን በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም” ብለው ነበር። እኔን አላወቁኝም።

አንደኛዋ መዛኝ ግራም የምንላት ሴት ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን የወለደች ጎረቤቷን ልትጠይቅ ገብታ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሳትል በፊት “ስንት ግራም ነው?” ካለች ወዲህ በስሟ የጠራት የለም። ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ግድግዳ መሐላችን እያለ ስንመዝን ኖርን። ስትጨርስ ግድግዳውን በጣቷ ቋ ታደርገዋለች። እኔም ስጨርስ መልሼ ቋ። ከዚያ ሻይ ይፈላል፣ ሐሜት ይጀመራል። ሐሜት ላይ ግራም ሚዛን አልነበራትም፤ የሰማችውን ሁሉ ትዘረግፈዋለች። ባሌ የሞተ ዓመት፣ ቤት ውስጥ ማንም በማይጠራኝ ጊዜ፣ የማክሰኞዋን ቋ እየጠበቅኩ ነው ሳምንቱን የገፋሁት።

ናፈቀችኝ ለማለት አፌን ይይዘኛል። በዳይ የበደለውን ሰው የመናፈቅ ምን መብት አለው? ግን ናፍቃኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ጆሮዬ ከግድግዳው በኩል የሆነ ነገር ይጠብቃል።

የሆነው ይህ ነው። አንድ ማክሰኞ ተራው የተቀቀለ ድንች ነበር። ጠዋት አምስት አንሶላ አጥቤ፣ አስጥቼ ነው ከቤት የወጣሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ግራም መዝና ትሪውን አቀበለችኝና እጇን ልትታጠብ ሄደች። እኔ ደግሞ ክፍሏ ገባ ብዬ ደብተሯን አየሁ። ክፍት ነበር፤ ከእኔ ምን ብላ ትደብቀዋለች? ሁለት መቶ አርባ ስምንት ነጥብ ሠላሳ ስድስት። ያንኑ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወደ አንሶላዎቼ ሮጥኩ። ሁለቱን ደብተሮች የሚያስተያየው ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊዋም እኔው ነበርኩ። ደረስኩላቸውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው።

ያን ቀን ግራም የሳህኑን ክብደት መቀነስ ረስታ ኖሯል። ሥልሳ አንድ ግራም የሚመዝን ሳህን ከድንቹ ጋር ተቆጠረ። ብመዝነው ኖሮ ወዲያው ይያዝ ነበር። አልመዘንኩም። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ የድንች ፖታሲየም ከእውነተኛው ሩብ ያህል አንሶ ታተመ። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ፖታሲየም ሲበዛ ልብ ያቆማል፤ የሆስፒታል ወጥ ቤቶች ደግሞ የእኛን ቁጥር አምነው ድንቹን ጨመር አደረጉት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ አዛውንት ልባቸው ሊቆም ሲል ተደረሰላቸው። ተረፉ። ሐኪማቸው ግን የነገሩን ዱካ ተከትሎ ተከትሎ እኛ ደጅ ደረሰ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የአንደኛዋ መዛኝ ደብተር ወጣ። ግራም አላንገራገረችም፤ “ሳህኑን ረስቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። ቀጥላም ኮሚቴውን እያየች “የሁለተኛዋስ ደብተር የታለ?” ብላ ጠየቀች። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ደብተሩ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ እቤቴ፣ የልብስ ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር። የሚዛን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ቢያይ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ትኩስ ድንች ከክፍል ወደ ክፍል እስኪያልፍ እንኳ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይቀልላል። እስከ መጨረሻዋ ቁጥር እኩል የሆነ ልኬት የተቀዳ እንጂ የተመዘነ አይደለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ “ተፈልጎ አልተገኘም” አልኩ።

ያኔ ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም። ቦርሳዋን አነሣችና ወጣች። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ “አንደኛዋ መዛኝ በገዛ ፈቃዳቸው አባልነታቸውን ለቀቁ” ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ያን ቀንም አምሮ ነበር።

የአሁኑ ሊቀመንበራችን ያን ጊዜ ተማሪያችን ነበር። ዛሬ ዶክተር ሆኗል፣ መነጽር አድርጓል፣ ግን አሁንም ቢሮዬ ሲገባ እንደ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው። ከጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ መጣ።

“እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት።”

“አማክረኝ።”

“ማኅበሩን ወይ እንዝጋው፣ ወይ ሥራውን እንቀይረው።”

“ምኑን አማከርከኝ? ጨርሰኸው መጥተህ።”

ሳቀና ገብቶ ተቀመጠ። “ይህን ብሉ፣ ያንን አትብሉ ማለት ለእኛ አልቆልናል። አሁን ሁሉም ሰው ይለዋል። ያልተያዘ ሥራ ግን አለ። አንድ ፋብሪካ ብስኩቴ ደም ይተካል ሲል፣ እውነቱን ነው ወይ ብሎ የሚመዝነው ማነው? ፋብሪካው በራሱ ላይ አይመሰክር። ስልክ ላይ ያለው ልጅ ሚዛን የለው። እኛ አለን።”

“ሚዛኑ አለን። የሚያምነን ግን አለ?”

“እሱን ነው የመጣሁበት። እመኑን ማለት ይቅርና እዩን እንበል። ሠላሳ አንድ ዓመት የመዘንባቸውን ደብተሮች በሙሉ፣ የመዛኞቹ ስም እንዳለ፣ ስሕተቱም እንዳለ ፎቶ አንሥተን እናውጣቸው። የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ይይ። የራሱን ሳይገልጥ የሰው ልግለጥ የሚልን ማን ይሰማዋል?”

ልጁ ልክ ነበር። “ጥሩ ብለሃል” አልኩት፣ ቁልፉንም ሰጠሁት።

ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ለብሰን ደብተሮቹን ከብረት ቁም ሣጥኖቹ እያወጣን በቁጥር ደረደርናቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ቆም አለ።

“እትዬ፣ አሥራ አራተኛው የለም። የሁለተኛዋ መዛኝ።”

“ጠፍቷል። ያኔም ጠፍቷል ተብሏል” አልኩ። ምላሴ መንገዱን ያውቀዋል፤ ከእኔ ቀድሞ ነው የሄደው።

“እርስዎ ያጡትንማ ማን ያገኘዋል” አለና በዝርዝሩ ላይ “ጠፍቷል” ብሎ ጻፈ። አላመነታም። ቢጠራጠረኝ ይቀለኝ ነበር፤ ሰው ሲጠረጥረኝ መልስ አላጣም። እሱ ግን አመነኝ። አዲሱ ሥራ በእኔ ውሸት እንደሚጀመር ያን ጊዜ ገባኝ። ለሰው ሁሉ በሚከፈተው መዝገብ ላይ ግራም ብቻዋን የተሳሳተች ሆና ልትቀር ነው፤ ሁለታችንም ከሞትን በኋላ እንኳ።

በማግሥቱ ጠዋት ደብተሩን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ሄድኩ። ግራም ከታላቅ እህቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ደረጃውን ስወጣ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልናገር፣ ሞኝነቴ ይታወቅልኝ። ይቅር ካለችኝ፣ ሚዛኖቹ አሉ፣ ክፍሎቹ አሉ፣ ድንቹን እንደገና አብረን እንመዝነዋለን እያልኩ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ።

እህቷ ከፈተችልኝ። “አንቺ ነሽ እንዴ?” አለች። ፊቷ አልፈካም፣ አልጠቆረምም። “ግቢ፣ አለች።”

ግራም መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ፀጉሯ ሁሉ ሸብቷል። ሰላም ለማለት ስትነሣ ቀኝ እጇን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። የያዘቻት ጠጠር ተመልሳ ምስሩ ውስጥ ወደቀች።

“አትፍጠጪበት” አለች። “ሦስት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ስም አውጥቶለታል፣ መድኃኒቱ ላይ ነው የሰነፈው።”

“ሚዛን…”

“የምን ሚዛን? ሻይ በራሴ እጅ ከጠጣሁ ተመስገን ነው።”

ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ማክሰኞ እዚያው ወንበር ላይ ሞተብኝ። ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ቀን የሚጠብቀው እየመሰለው ይኖራል፤ እኔ ሳቆየው የእሷ እጅ አልጠበቀኝም። ጋዜጣውን ፈትቼ ደብተሩን አስቀመጥኩላት።

ገጹን አልነገርኳትም፤ ራሷ አገኘችው።

“ነጥብ ሠላሳ ስድስት” አለች።

“ነጥብ ሠላሳ ስድስት።”

“ምን አስቸኮለሽ?”

“አንሶላ አስጥቼ ነበር። ዝናብ መጣ።”

መሳቅ ጀመረች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር፣ እህቷ ከጓዳ ብቅ ብላ እስክታየን ድረስ ሳቀች። “አሥራ አንድ ዓመት ያላሰብኩት ነገር የለም” አለች። “ጠልታኝ ይሆን? ወንበሬን ፈልጋ ይሆን? ሰው ገዝቷት ይሆን? ለካስ አንሶላ ነው።” ሳቋ ቀስ እያለ አለቀ። “ደረቁ?”

“ምኖቹ?”

“አንሶላዎቹ።”

“ደረቁ።”

“እንኳን” አለች። ያቺ አንዲት ቃል ከስድብ ሁሉ በላይ ገባችብኝ።

“ይቅር በይኝ” አልኳት።

“እሱን አቆዪው። ይህን ደብተር ለእኔ ምን ብለሽ አመጣሽው? ሳህኑን መርሳቴን አውቀዋለሁ፣ አለመመዘንሽንም ጠርጥሬ ነበር። የማያውቁት እነሱ ናቸው። ጉባኤው ፊት ቁሚና አንብቢው።”

“አንቀጽ ዘጠኝ አለ” አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አንቀጽ ዘጠኝ የማኅበሩ ደንብ ነው፦ የልኬት ማስረጃ የደበቀ አባል ይሰናበታል ይላል።

“ማነው የጻፈው?”

“እኔ።”

“እንግዲያው ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።”

ስወጣ “ትመጫለሽ?” ብዬ ጠየቅኳት። እጇን በሌላው እጇ ይዛ “እንጃ” አለች።

የጉባኤው ቀን ሃያ ስድስት ሰው መጣ። ሻዩን እንደ ወትሮው እኔ አፈላሁት፣ ብርጭቆዎቹን እኔ ደረደርኩ። ስብሰባው ተጀምሮ ሊቀመንበሩ ስለ አዲሱ ሥራ ሲናገር በሩ ተከፈተና ግራም በእህቷ ክንድ ተደግፋ ገባች። ሽማግሌዎቹ አባላት አወቋት፤ ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ ሹክሹክታ ሆነ። የኋላው መደዳ ላይ ተቀመጠች። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ከሁሉ በሚያሳፍረኝ ቀን ላይ ይህን ያህል ደስታ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ተራዬ ሲደርስ ደብተሩን ከፍቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አንሶላውን፣ ልብስ ሣጥኑን፣ “አልተገኘም” ያልኩትን፣ ሊቀመንበሩን ዝርዝር ላይ ያስጻፍኩትንም ጭምር። የሳቀ አልነበረም። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው።

“ነገሩ ጊዜው አልፏል” አለ በመጨረሻ። “እትዬ በገዛ ፈቃዳቸው ነው ያመጡት፣ ማንም አላስገደዳቸውም። ሃያ አራት ዓመት አገልግለውናል። እኔ በማስጠንቀቂያ ይታለፍ እላለሁ።”

ራሶች ተነቀነቁ። ስንቱን አስታምሜያለሁ፣ የስንቱን ማመልከቻ ጽፌያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እፎይ አልኩ። ሁለቱንም ላገኝ ነው አልኩ፤ እሷንም፣ ወንበሬንም።

ግራም ከኋላ ሆና “አባል ባልሆንም መናገር ይቻላል?” አለች።

“እርስዎ የወጡት ይህ ደብተር ተደብቆ ከሆነ፣ አልወጡም” አላት ሊቀመንበሩ።

ቁጭ እንዳለች ተናገረች። “ነገ ብስኩት ፋብሪካው ዘንድ ልትሄዱ ነው አሉ። የጻፋችሁት ቁጥር ውሸት ነው ልትሉት ነው። እሱም የእናንተዋ ጸሐፊ ስትዋሽ ምን አደረጋችሁ? ብሎ ይጠይቃችኋል። ምን ትሉታላችሁ? እናውቃታለን፣ ደግ ሴት ናት፣ ሻይ ታፈላልናለች?” ትንፋሽ ወሰደች። “እኔ ይቺን ሴት ከማናችሁም በላይ እወዳታለሁ። ሌላ ሰው ቢናገረው ጥላቻ ይመስልባታል ብዬ ነው የመጣሁት። አንቀጽ ዘጠኝ ይነበብ።”

አንብቢ የሚባለው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ደንቡ እኔ ጋ ነው። አነበብኩት። ሊቀመንበሩ ወለል ወለሉን እያየ “የምትደግፉ” አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀድማ ያነሣችው ግራም ናት፤ የታመመችውን ቀኝ እጇን። አየር ላይ ስትንቀጠቀጥባት በግራዋ ክርኗን ደገፈቻት። ከዚያ ሊቀመንበሩ አነሣ። ከዚያ ሌሎቹ፣ አንድ አንድ እያሉ።

ድምፅ መቁጠር የጸሐፊ ሥራ ነው። ቆጠርኩ። የግራምን እጅ አንድ ብዬ ጀመርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆምኩ። “ጸሐፊዋ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ከማኅበሩ ተሰናበቱ” ብዬ ጻፍኩ፣ ቀኑን አሰፈርኩ፣ ፈረምኩ። ቀጣዩ አጀንዳ የማኅበሩ የወደፊት ሥራ ነበር፤ እሱን መጻፍ የእኔ ፋንታ አይደለም። መዝገቡንና እስክሪብቶውን ለሊቀመንበሩ አስረክቤ ወጣሁ። ተቀብሎኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ እስክወጣ አልተቀመጠም።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ስስ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። ይዘጋ የሚል አልተገኘም። ወዲያው ግራም “ድንቹን እንደገና የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ስጡኝ፣ የማይዋደዱ ቢሆኑ ይመረጣል” ስትል ሰማሁ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አሥራ አንድ ዓመት የተመኘሁት ይህን ነበር፤ እሷ ማኅበሯ ውስጥ ቁጭ ብላ ስትቀልድ። ሆነልኝ። ስመኘው ግን እኔም አጠገቧ ነበርኩ። አለቀስኩ፣ በመሐረብ አፌን ይዤ።

ለሻይ ሲነሡ በሩ ተከፈተና ግድግዳውን ይዛ ብቻዋን ወጣች።

“አልሄድሽም እንዴ?”

“ልጠብቅሽ ብዬ።”

“ገና ብዙ አለን። ሊመሽ ይችላል።”

“ይምሽ፣ ምን ሥራ አለኝ።”

ቆማ አየችኝ። እንደ አጣሪው ኮሚቴ ቀን አየችኝ፤ አሁን ግን ዓይኔን አልሰበርኩም።

“አሥራ አንድ ዓመት በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ መስለሽኝ ነው የምነሣው” አለች። “ደብተሩን ያዢ አትያዢ ግድ አልነበረኝም።”

አግዳሚው ላይ ጠጋ አልኩላት።

“ስለዚህ ጠብቂ” አለችና ተመልሳ ገባች።

ስብሰባው እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።